ዑመርና ሦስቱ ሴቶች

የሰይዲና ዑመር ኢብኑል ኸጣብ (ረ.ዐ.) ስም ሲነሣ በየቤታችን ልጆች አስቀድመው የሚሰሙት ግርማውን ነው። ቁመቱን፣ ድምፁን፣ ሰይፉን፣ ሸይጧን እንኳ እርሱ የሚሄድበትን መንገድ ትቶ በሌላ ይሄድ እንደ ነበር። እኔም ልጅ ሆኜ ቁርኣን ቤት የዑመርን አሰላለም ስሰማ በልቤ የቀረው ሰይፉ ብቻ ነበር። የእህቱን የደማ ፊት ልብ ያልኩት ጎልምሼ፣ ራሴም ልጆች ወልጄ፣ በቁጣ ያነሣሁት እጅ በልጄ ዓይን ውስጥ ምን እንደሚመስል ካየሁ በኋላ ነው።

ስለዚህ በዚህ ጽሑፍ ስለ ዑመር ድሎች አናወራም። ፋርስና ሻም እንዴት እንደ ተከፈቱ ብዙ ተጽፏል። የምናወራው ያ ደረቅ ሰው የሌላውን ሕመም ማየት እንዴት እንደ ተማረና ይህም ከሰዎች ጋር የነበረውን ግንኙነት እንዴት እንደ ለወጠው ነው። በታሪኩ ውስጥ ሦስት ሴቶች አሉ። ከሦስቱ ሁለቱ ወደኛው አገር፣ ወደ ሐበሻ፣ የተሰደዱ ናቸው።

የመጀመሪያዋ ለይላ ቢንት አቢ ሐስማ ናት፤ በልጇ ስም እሙ ዐብደላህ ትባላለች። የዑመር ጎሣ የበኑ ዐዲ ልጅ ናት። ባሏ ዓሚር ኢብኑ ረቢዓ ግን ከሌላ ጎሣ የመጣ፣ በቃል ኪዳን ከዑመር አባት ከአል-ኸጣብ ቤት ጋር የተሳሰረ ሰው ነበር። አል-ኸጣብ እንደ ልጁ አድርጎ ስለ ያዘው ሰዉ ዓሚር ኢብኑል ኸጣብ እያለ ይጠራው ነበር። እንግዲህ ባልና ሚስቱ ለዑመር የቤት ሰዎች ነበሩ ማለት ይቻላል። ሲሰልሙ ካስጨነቋቸው ሰዎች መካከል ታዲያ አንዱ ይኸው የቅርብ ሰው ሆነ።

ዑመር በዚያ ዘመን ምን ያህል ደረቅ እንደ ነበር ለመረዳት በሲራ መጻሕፍት ያለ አንድ ዘገባ ይበቃል። ከበኑ ዐዲ አንዱ ቅርንጫፍ ከሆነው ከበኑ ሙአመል ቤት አንዲት ባሪያ ሰልማ ነበር። ዑመር ይህችን ሴት ይደበድባታል። ሲያቆምም፣ የተውኩሽ ስለ ሰለቸኝ ነው እንጂ ለሌላ እንዳይመስልሽ ይላት ነበር። በመጨረሻ አቡ በክር (ረ.ዐ.) ገዝቶ ነጻ አወጣት። ይህችን ሴት እንዳንረሳት፤ ወደ እርሷ እንመለሳለን።

በነቢይነት 5ኛው ዓመት በረጀብ ወር (615 እ.ኤ.አ.) ነቢዩ ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ.) ባልደረቦቻቸው ሰው ወደማይበደልበት ንጉሥ አገር እንዲሄዱ መከሩ። የመጀመሪያዎቹ ስደተኞች 11 ወይም 12 ወንዶችና 4 ሴቶች ነበሩ፤ ከአራቱ ሴቶች አንዷ ለይላ ናት። ገሚሱ በእግር፣ ገሚሱ በእንስሳ ሆነው በድብቅ ወደ ሹዐይባ ወደብ ወረዱ፤ እዚያም ሁለት የነጋዴ መርከቦች አግኝተው በግማሽ ዲናር ተሳፈሩ። የዛሬ ሰው ይህን ሲያነብ እንደ ማንኛውም ጉዞ ሊቆጥረው ይችላል። በዚያ ዘመን ግን ከጎሣ መውጣት ጥላ ከሌለበት ሜዳ ላይ መቆም ነው። ብትገደል ደምህን የሚጠይቅ፣ ብትሞት የሚቀብርህ ወገን ትተህ ትሄዳለህ።

ለይላ ራሷ እንዳወራችውና ኢብኑ ኢስሐቅ እንደ ዘገቡት፣ ዓሚር ለመንገድ የሚያስፈልጋቸውን አንዳንድ ነገር ሊያመጣ ወጥቶ ሳለ ዑመር መጣና በአጠገቧ ቆመ። ገና በሽርክ ላይ ነው። ጉዞ ነው እንዴ እሙ ዐብደላህ? ብሎ ጠየቃት። ፈርታ ልትደብቀው ትችል ነበር፤ አልደበቀችውም። አዎን፣ አስቸገራችሁን፣ ጨቆናችሁን፣ አላህ መውጫ እስኪሰጠን ድረስ በምድሩ ላይ እንሄዳለን አለችው በፊቱ። ዑመር አልጮኸም፤ እጁንም አላነሣም። አላህ አብሯችሁ ይሁን የሚል ቃል ተናግሮ ሄደ። ለይላ ከዚያ በፊት አይታበት የማታውቀውን ርኅራኄ አየችበት፤ መሄዳቸውም እንዳሳዘነው ተረዳች።

ባሏ ሲመለስ ያየችውን ነገረችው። ይሰልማል ብለሽ ተስፋ አደረግሽ? አላት። አዎን አለችው። ዓሚርም የኸጣብ አህያ ሳይሰልም እርሱ አይሰልምም ብሎ ነገሩን ዘጋው።

እኔ በዓሚር አልፈርድም። በየቤታችን እንዲህ የተባለለት ሰው አለ። አንዱ ቤት አባት ነው፣ ሌላው ቤት ወንድም፣ ሌላው ቤት አማት። «እሱ? እሱ እንኳ አይለወጥም» እንላለን። ይህን የሚለው ሰው አብዛኛውን ጊዜ ውሸታም አይደለም፤ ብዙ ዓመት ያየውን ነው የሚናገረው። ዓሚርም ያን ሁሉ ዓመት ያየውን ዑመር ነው የተናገረው። ለይላ ግን ያችን ጥቂት ደቂቃ አየች፣ አየሁ ብላም ለመናገር አላፈረችም። ባሏ ሲስቅባት እንኳ የተናገረችውን አልመለሰችም።

በዚያች ደቂቃ ምን ሆነ? ዑመርን በክርክር የረታው ሰው የለም። እስከዚያ ቀን ድረስ ዑመር ሙስሊሞችን ሲያስብ በዓይኑ የሚመጣበት ቁረይሽን የከፋፈለ፣ የአባቶችን አምላክ የተሳደበ ቡድን ነበር። በዚያ ቀን ግን ያየው ዕቃዋን የምታሰናዳ የጎሣውን ሴት ነው። ቆሞ ጠየቀ፤ እርሷም ሳትሳደብ፣ ሳትዋሽም፣ ያደረሱባትን ነገረችው። ሁለቱም ያስፈልጋሉ። ጠያቂ ባይቆም ተጠያቂዋ ምን ትላለች? እርሷስ ምንም የለም ብላ ብታልፈው ዑመር ምን ያይ ነበር?

ይሁን እንጂ ዑመር በዚያ ቀን አልሰለመም። ይህን መዝለል አይገባም፤ የራራ ልብ ሁሉ ወዲያው አይመለስምና። እንዲያውም አንዳንድ ሰው ሆዱ መባባቱን ሲያውቅ በራሱ ይናደድና ከበፊቱ ይብሳል። በነቢይነት 6ኛው ዓመት ገደማ ዑመር ሰይፉን ታጥቆ ነቢዩን (ሰ.ዐ.ወ.) ለመግደል ወጣ። በመንገድ ያገኘው የጎሣው ሰው ኑዐይም ኢብኑ ዐብደላህ እስልምናውን ደብቆ የሚኖር ነበርና ሐሳቡን ሊያስቀይረው ብሎ፣ መጀመሪያ የገዛ ቤተሰብህን አታስተካክልም ወይ? አለው። እህትህ ፋጢማና ባሏ ሰዒድ ኢብኑ ዘይድ ሰልመዋል።

ዑመር ወደ እህቱ ቤት ገሠገሠ። በቤቱ ውስጥ ኸባብ ኢብኑል አረት ለባልና ሚስቱ ሱረቱ ጣሃን ያስቀራቸው ነበር። የዑመርን ድምፅ ሲሰሙ ኸባብ ተሸሸገ፤ ፋጢማም ጽሑፉን ከሥሯ ደበቀችው። ዑመር ከደጅ የሰማው ጉርምርምታ ምን እንደሆነ ጠየቀ፤ ምንም አልሰማህም አሉት። ዘሎ ሰዒድን ያዘው። ፋጢማ ባሏን ልታስጥል ስትነሣ መታት፤ ደሟ ፈሰሰ። ያን ጊዜ መደበቁን ተወችው፤ አዎን ሰልመናል፣ የፈለግኸውን አድርግ አለችው።

ዑመር የእህቱን ደም ሲያይ ባደረገው ተጸጸተ። እጁን ሰበሰበና ሲያነቡት የነበረውን ጽሑፍ እንድታሳየው ጠየቃት። እንደማያጠፋባት በአማልክቱ ማለላት፤ እርሷም ሳይታጠብ አልሰጥም አለች። ታጠበ፤ አነበበ፤ ከዚያም በሶፋ አጠገብ ወዳለው የአርቀም ቤት ሄዶ በነቢዩ ፊት ሰለመ። ኢብኑ ኢስሐቅ የዑመርን መስለም በሌላ መንገድም ዘግበዋል፤ የመዲና ሰዎች የሚያወሩት ግን ይህንን እንደሆነ ይናገራሉ።

አሁን ወደዚያች የበኑ ሙአመል ሴት እንመለስ። ዑመር እርሷንም መትቷል፤ ያውም እስኪሰለቸው ድረስ። የእርሷ ሕመም ለምን አልታየውም? የፋጢማ አንድ ጠብታ ደም ለምን እጁን አሠረው? መልሱ ግልጽ ነው፤ ፋጢማ እህቱ ናት። ያቺኛዋ ግን በእርሱ ዓይን የማንም ልጅ አልነበረችም። ሁላችንም ከዚሁ እንጀምራለን፤ ለልጃችን ጥርስ ሕመም እንቅልፍ አጥተን የጎረቤት ልጅ ሌሊቱን ሙሉ ሲያለቅስ ግን መስኮት እንዘጋለን። በእኔ አስተያየት የዑመር ቀሪ ሕይወት ታላቅነት እዚህ ላይ ነው። በእህቱ ፊት ላይ ያየውን ነገር ቀስ በቀስ፣ አንዳንዴም እየተሳሳተ፣ እህቱ ባልሆኑት ሰዎች ፊት ላይ ማየትን ተማረ።

እየተሳሳተ ያልኩት ያለ ምክንያት አይደለም። ሦስተኛዋ ሴት የምትመጣው በዚህ በኩል ነው።

አስማእ ቢንት ዑመይስ የጀዕፈር ኢብኑ አቢ ጣሊብ ሚስት ናት። ከባሏ ጋር ወደ ሐበሻ ተሰድዳ ከ10 ዓመት በላይ ኖራለች፤ ልጆቿን ዐብደላህን፣ ሙሐመድንና ዐውንን የወለደችው በኛው ምድር ነው። በ7ኛው ዓመተ ሂጅራ (628 እ.ኤ.አ.) ነቢዩ ኸይበርን በከፈቱበት ወቅት ስደተኞቹ በመርከብ ተመለሱ። በመዲና የነበሩ አንዳንድ ሰዎች በሂጅራ ቀደምናችሁ ይሏቸው ጀመር። አንድ ቀን አስማእ የዑመርን ልጅ፣ የነቢዩን ባለቤት ሐፍሳን ልትጠይቅ ሄዳ ሳለ ዑመር ገባ። ይህች ማን ናት? አለ። አስማእ መሆኗ ሲነገረው ሐበሻዊቷ? ባሕረኛዋ? ብሎ ጠየቀ። አዎን አለች። ዑመርም በሂጅራ ስለ ቀደምናችሁ ለአላህ መልእክተኛ ከእናንተ ይልቅ እኛ የቀረብን ነን አላት።

አስማእ ተቆጣች። ቡኻሪና ሙስሊም በዘገቡት ሐዲስ የመለሰችለት ነገር በጥቂት ቃል ሲገለጽ ይህ ነው። እናንተ ከነቢዩ ጋር ነበራችሁ፤ የራበውን ያበሉላችሁ፣ ያላወቀውን ያስተምሩላችሁ ነበር። እኛ ግን በሩቅና በጠላት አገር፣ እየተሠቃየንና እየፈራን ነበርን፤ ያም ለአላህና ለመልእክተኛው ብለን ነው። ለነቢዩ ሳልነግር እህል ውኃ አልቀምስም፤ አልዋሽም፣ አንዲት ቃልም አልጨምርም ብላ ማለች።

ይህ የአስማእ ንግግር ለኛ ለሐበሻ ጆሮ ትንሽ ይከብድ ይሆናል። ነጃሺ ያን ያህል ደግ ሆኖላቸው ሳለ አገሩን እንዴት የጠላት አገር አለችው? ዑለማዎች እንደሚያብራሩት በዘር የራቀ፣ በሃይማኖት የማይገጥም ሕዝብ ማለቷ ነው። ንጉሡ ፍትሐዊ ነበር፤ ስደት ግን ደግ ንጉሥ ባለበት አገርም ስደት ነው። ዛሬ በዐረብ አገር፣ በአውሮፓና በአሜሪካ ልጆቻቸውን የሚያሳድጉ ወገኖቻችን የአስማእን ቃል ከኛ የበለጠ ሳይረዱት አይቀሩም። አሠሪው ደግ ቢሆንም፣ ጎረቤቱ ሰላምታ ቢሰጥም፣ ሌሊት ልጅ ሲታመም የሚጠራ ዘመድ የለም። ዑመር በዚያ ቀን ያላየው ይህንን ነበር። የቀን መቁጠሪያውን አየና ማን ቀድሞ መዲና ገባ ብሎ ቆጠረ።

ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ነገሩን ሲሰሙ ዑመር ከእናንተ ይልቅ ለእኔ የቀረበ አይደለም አሏት፤ ለእርሱና ለጓደኞቹ አንድ ሂጅራ፣ ለእናንተ ለመርከብ ሰዎች ግን ሁለት ሂጅራ አላችሁ። የመርከቡ ሰዎች ይህን ሐዲስ ከአፏ ለመስማት በቡድን በቡድን ወደ አስማእ ቤት ይጎርፉ ነበር። አቡ ሙሳ አል-አሽዐሪ ደግሞ ደጋግሞ እንድትነግረው ይጠይቃት ነበር። ለካ ሰው መከራው ተቆጥሮለት መስማት ይህን ያህል ይርበዋል።

ከዚህ ብዙም ሳይቆይ፣ በ8ኛው ዓመተ ሂጅራ (629 እ.ኤ.አ.) ጀዕፈር በሙእታ ዘመቻ ሸሂድ ሆነ። የዚያን ቀን ሁኔታ አስማእ ራሷ አውርታዋለች። ቆዳዋን አልፍታ፣ ሊጧን አቡክታ፣ ልጆቿን አጥባና ቀብታ ጨርሳ ነበር። ነቢዩ መጡ። የጀዕፈርን ልጆች አምጪልኝ አሏት። አቅርባላቸው አሸተቷቸው፤ ዓይናቸውም እንባ አቀረረ። ከዚያ ወደ ቤተሰባቸው ተመልሰው ለጀዕፈር ቤተሰብ ምግብ እንዲሠራ አዘዙ፤ ሐዘን ስለ ያዛቸው ለራሳቸው ማብሰል አይችሉምና። ዛሬ ለሐዘን ቤት እንጀራና ወጥ ተሸክመን ስንሄድ የምንከተለው ይህንን ሱና ነው። የሟች ቤት ምጣድ በዚያ ቀን እንደማይሰማ ያሰቡት እርሳቸው ናቸው። ዑመር የተማረበት ቤት እንግዲህ እንዲህ ያለ ቤት ነበር።

በ13ኛው ዓመተ ሂጅራ (634 እ.ኤ.አ.) አቡ በክር በሞት አልጋ ላይ ሆኖ ዑመርን ሊተካ ሲያስብ ሰዎች ፈሩ። ደረቅነቱን አነሡበት። አቡ በክር ግን የሰጠው መልስ ሰውን በቅርብ የሚያውቅ ሰው መልስ ነው። የሚከረው እኔ ለስላሳ ስለሆንኩ ነው፤ ኃላፊነቱ በራሱ ላይ ሲወድቅ ብዙውን ይተወዋል አለ።

እንዳለውም ሆነ። በ18ኛው ዓመተ ሂጅራ (639 እ.ኤ.አ.) በሒጃዝ ዝናም ጠፋ። ምድሪቱ አመድ ስለ መሰለች ዓመቱ የረማዳ ዓመት ተባለ። የበረሃ ሰዎች ረሃቡን ሸሽተው መዲናን ሞሏት። ዑመር ወደ ሻምና ወደ ዒራቅ ሹማምንት ልኮ እህል አስመጣ፤ ዘካ መሰብሰቡንም ለዚያ ዓመት አዘገየ። የኢስላማዊ አስተዳደር ጸሐፊዎች ስለዚህ ብዙ ጽፈዋል። እኔን የሚያቆመኝ ግን ማዕዱ ነው። ሕዝቡ እስኪጠግብ ድረስ ቅቤና ሥጋ አልቀምስም ብሎ ማለ። ዳቦ በዘይት እየበላ መልኩ ጠቆረ። አንድ ቀን ገበያ ላይ ቅቤና ወተት ተገኘና አገልጋዩ በ40 ዲርሀም ገዝቶ አመጣለት። ዑመር ዋጋውን ሲሰማ ሁለቱንም ሶደቃ አድርግ አለው። ጠበሪ በዘገቡት በዚሁ ወሬ፣ ሕዝቡን የነካው ነገር እኔን ካልነካኝ የሕዝቡ ጉዳይ እንዴት ይገደኛል? የሚል ትርጉም ያለው ቃል ተናግሯል። ዑመር የራበውን ሰው ለማወቅ ሪፖርት መስማት አልበቃውም፤ የገዛ ሆዱ ሲጮህ መስማት ፈለገ።

ደረቅነቱስ ጨርሶ ጠፋ? አልጠፋም፤ ጠፋ ብለን ብንጽፍ ልጆቻችንን እንዋሻለን። በዚያው በረሃብ ዓመት ከልጆቹ የአንዱን ሕፃን ሐብሐብ ይዞ ሲበላ አየውና፣ የሙሐመድ ኡመት እየተራበ አንተ ፍራፍሬ ትበላለህ? ብሎ ተቆጣው። ሕፃኑ እያለቀሰ ሮጠ። ዑመር ግን በዚያ አላበቃም፤ ጠየቀ። ልጁ በአንድ እፍኝ የተምር ፍሬ ለውጦ ያገኘው እንደሆነ ነገሩት፤ ያን ጊዜ ዝም አለ። እዚህ ላይ የቀድሞውና የኋላው ዑመር በአንድ ሰው ውስጥ ጎን ለጎን ይታያሉ፤ ቁጣው ቀድሞ ይወጣል፣ ጥያቄውም ተከትሎ ይደርሳል።

የሕፃን ነገር ካነሣን ኢብኑ ሰዕድ የዘገቡትን ሌላውን ሌሊት መተው አይቻልም። የነጋዴ ጓዝ በመዲና ዳር ሰፍሮ ሳለ ዑመር ዐብዱረሕማን ኢብኑ ዐውፍን ይዞ ሌባ እንዳይደርስባቸው ሲጠብቅ አደረ። የሕፃን ለቅሶ ሰማ። እናቲቱን አላህን ፍሪ፣ ልጅሽን አባብይው ብሏት ተመለሰ። ለቅሶው ቀጠለ፤ እንደገና ሄዶ ተናገራት። ሌሊቱ ሊነጋጋ ሲል ሦስተኛ ሄደና አንቺ ምን ዓይነት እናት ነሽ? አላት። ሴቲቱ ማን እንደሆነ አላወቀችም። አሰለቸኸኝ፤ ጡት ላስጥለው ነው፣ እምቢ አለኝ አለችው። ለምን? ዑመር ጡት ለተወ ልጅ ካልሆነ ድርጎ አይቆርጥምና። ስንት ወሩ ነው? የልጁን ወራት ነገረችው። አትቸኩይበት አላትና ሄደ።

የሱብሒን ሶላት ሲያሰግድ ከለቅሶው የተነሣ ሰዉ የሚቀራውን መለየት አቃተው። ከሶላት በኋላ ስንት የሙስሊም ልጅ ገድዬ ይሆን እያለ ራሱን ወቀሰ። ወዲያውም ጡት ለማስጣል አትቸኩሉ፣ በእስልምና ለተወለደ ሕፃን ሁሉ ድርጎ ይቆረጣል ብሎ አስነገረ፤ ይህንኑም በየአገሩ ጻፈ።

ልብ በሉ፤ ሕጉን ያወጣው እርሱ ነበር፤ በቀን ብርሃን በወረቀት ላይ ሲታይ ምክንያታዊ ነው። ጡት የሚጠባ ልጅ እህል አይበላም። ሁለት ጊዜ ሴቲቱን የወቀሰ፣ በሦስተኛው ግን ለምን ብሎ የጠየቀ ሰው ባይሆን ኖሮ ሕጉ የእናትን ጡት ከሕፃን አፍ እየነጠቀ መሆኑን ማን ይነግረው ነበር? አንዲት ለይላ ዕቃዋን ስታሰናዳ ጉዞ ነው እንዴ ብሎ ከጠየቀ 25 ዓመት ገደማ አልፏል። ያን ጊዜ የቆመው ለጎሣው ሴት ነበር። አሁን የቆመላት ሴት ስሟ በታሪክ አልተጻፈም።

ሌላም ሌሊት ባሏ ዘመቻ የሄደባት ሴት በብቸኝነት ስታንጎራጉር ሰማ። ይህን ጉዳይ ማንን ይጠይቅ? ወደ ልጁ ወደ ሐፍሳ ሄደና ሴት ያለ ባሏ ስንት ጊዜ ትታገሣለች ብሎ ጠየቃት። ሐፍሳ አፈረች። እርሱ ግን የሙስሊሞች ጉዳይ ባይሆን እንደማይጠይቃት ነግሯት መልሷን ሰማ፤ ወታደሮችም ከዚያ ጊዜ በላይ ከቤታቸው እንዳይርቁ አዘዘ። ጊዜውን አንዳንዱ ዘገባ አራት ወር፣ አንዳንዱ ስድስት ወር ይለዋል። አባት ልጁን እንዲህ ያለ ነገር አፍ አውጥቶ መጠየቁ ዛሬም በብዙ ቤት የሚከብድ ነው።

የለይላ ባል ዓሚርስ? የኸጣብን አህያ ያነሣው ያ ሰው በበድር ተዋጋ፤ ከዑመር ጋርም ዕድሜውን አብሮ ኖረ። ዑመር በኸሊፋነቱ ዘመን ወደ ሻም ወደ ጃቢያ በተጓዘ ጊዜ ሰንደቁን የያዘለት ዓሚር ኢብኑ ረቢዓ እንደ ነበር የታሪክ ጸሐፍት ይጠቅሳሉ። በዚያ ረጅም መንገድ ሁለቱ ያን የድሮ ቃል አንሥተው ተሳስቀው ይሆናል ብዬ አስባለሁ፤ ይህ ግን የእኔ ምኞት ነው።

አስማእ ደግሞ ከጀዕፈር በኋላ አቡ በክርን አገባች፤ አቡ በክር ሲሞት ያጠበችው እርሷ ናት። ከዚያም ዐሊን (ረ.ዐ.) አገባች። ዑመር ዲዋን አቋቁሞ ለእያንዳንዱ በቀደምትነቱ ልክ ድርጎ ሲቆርጥ፣ ቀደምት ከሆኑት ስደተኛ ሴቶች ጋር ለአስማእ ቢንት ዑመይስ 1,000 ዲርሀም እንደ ቆረጠላት ኢብኑ ሰዕድ ዘግበዋል። በሐፍሳ ቤት ቀደምናችሁ ያላት ሰው በገዛ መዝገቡ ከቀደሙት ጋር ጻፋት።

በሁለቱ መካከል የነበረው ነገር ግን በዚህ አላበቃም። በ20ኛው ዓመተ ሂጅራ (641 እ.ኤ.አ.) የምእመናን እናት ዘይነብ ቢንት ጀሕሽ (ረ.ዐ.) አረፈች። በዚያ ዘመን በአስከሬን ላይ ጨርቅ ብቻ ይጣል ስለ ነበር የሴት ቅርጿ ለተመልካች ይታያል። ዑመር ለነቢዩ ባለቤት ክብር ሲል ከቅርብ ዘመዶቿ በስተቀር ማንም እንዳይወጣ በአዋጅ ነጋሪ አስነገረ። የመዲና ሰው እናቱን ሳይሸኝ ሊቀር ሆነ።

ያን ጊዜ አስማእ ወደ ኸሊፋው ቀረበች። አሚረል ሙእሚኒን፣ ሐበሾች ለሴቶቻቸው ሲያደርጉ ያየሁትን ነገር ላሳይዎት? አለች። ሌላ ዘገባ እንደሚለው ይህንኑ ቀደም ሲል ለነቢዩ ልጅ ለፋጢማ አሳይታት ነበር፤ እርጥብ የተምር ዝንጣፊ አስመጥታ አጎንብሳ በላዩ ጨርቅ ጣል አድርጋ። ዑመር አሳዪኝ አላት። በዚያ ሩቅ ባለችው አገር ያየችውን የሚመስል ቃሬዛ ሠራች፤ ጨርቅም አለበሰችው።

ዑመር ቆሞ አየው። ማማሩንም ገመና መሸፈኑንም አደነቀ። ከዚያም አዋጅ ነጋሪውን መልሶ ጠራና፣ ሰዎች ሆይ እናታችሁን ለመሸኘት ውጡ እያለ በመዲና እንዲዞር ላከው። ሰዉም ወጣ፤ ዑመርም ሶላቱን አሰገደ።